«ምንም አልጎደለንም» ያለው ሰፈር

ባለፈው የጸደይ ወራት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያወጣውን የድንጋይ ዳገት እያለከለክሁ ስወጣ ዶሪናን አገኘኋት። የዳቦ ጋጋሪው የስኬንደር ልጅ ናት፤ ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ። ወደ ዋና ከተማችን ቲራና ሄዳ የከተማ ፕላን አጥንታ ከተመለሰች ወዲህ ማዘጋጃ ቤታችን ትሠራለች።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ኩፍ ያላለ ሊጥ መሰለሳ?» አልኋት።

«መምህር፣ ይሄ ሰፈር ሊያሳብደኝ ነው!» አለችና ያቀፈችውን ወረቀት አሳየችኝ። ማዘጋጃ ቤቱ የከተማዋን የሃያ ዓመት ዕቅድ ሊያወጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ቤት ለቤት ዞሮ ነዋሪውን የሚጎድለውን መጠየቅ የእሷ ሥራ ሆኗል። «እናንተ ታችኛው ሰፈር ያልተማረራችሁበት ነገር የለም። መብራቱ፣ ውሻው፣ የመኪና ማቆሚያው! እዚህ ላይ ግን የሄድኩበት ቤት ሁሉ ‹ተመስገን፣ ምንም አልጎደለንም› ነው የሚለኝ። ውሃስ አላችሁ ስል፣ ‹ሞልቶ ተርፎ!›»

ሳቄ መጣ። የላይኛው ሰፈር ቧንቧ ከደረቀ ስንት ጊዜው! ሴቶቹ ከታች ካለው ምንጭ ጄሪካን በጀርባቸው እንደሚያመላልሱ የማያውቅ የለም።

«ታዲያ አንቺ ታውቂ የለም እንዴ? ራስሽ ጻፊዋ!»

«የእኔ ቃል ምን ይሠራል? አለቃዬ ‹ሰዎቹ ራሳቸው ሞልቶናል ብለው የለ› ነው የሚለኝ። ሰኞ መልሱ ይጠቃለላል። ያልጠየቀ ሰፈር አዲሱን የውሃ መስመር አያገኝም።»

ሳቄ ጠፋ። የላይኛው ሰፈር ሽማግሌ የአጎት ዳሊፕ ልጅ ግዚም በውሃው ችግር ምክንያት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደብ ከተማዋ ዱረስ ሊገባ ቤት መፈለግ መጀመሩን ሰምቻለሁ። ከእሱ በፊት የሄዱትም ብዙ ናቸው። በዚያ ሰፈር ደግሞ አጎት ዳሊፕ ያላሉትን የሚል ሰው የለም። «ነይ፣ ተመለሽ» ብዬ ይዣት ወጣሁ።

ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በሩ ድረስ መጥተው ተቀበሉንና ከወይኑ ሐረግ ሥር አስቀመጡን። ምራታቸው፣ የግዚም ሚስት ሉሌታ፣ የበለስ ማርማላታ ከሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር አቀረበችልን።

«ልጄ፣ ባለፈው ነግሬሽ የለም?» አሉ አጎት ዳሊፕ። «ምንም አልጎደለንም።»

«አጎቴ፣ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከቤቴ ነዋ!»

«ቧንቧውን ልክፈተው?»

«ሰው ቤት ገብቶ ቧንቧ መክፈት ነው እንዴ ቲራና ያስተማሩሽ?»

ማርማላታው ትን አለኝ። ዶሪና ቀላች፤ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ለምን እውነቱን አይነግሩኝም?»

«ስሚ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናቴ እንግዳ ሲመጣ፣ የምታበስለው ባይኖራትም፣ ቤታችን ባዶ መሆኑን እንዳያውቅ ባዶ ድስት እሳት ላይ ትጥድ ነበር። እኔ ታዲያ በስተርጅናዬ ደጄ ለመጣች ልጅ ‹ውሃ የለኝም› ልበል? ለማኝ ነኝ? ደግሞ ድሮ በኮሚኒስቶቹ ዘመንም ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቁን ነበር። ‹ጎደለኝ› ያለው ሰው ምን እንደሆነ ይሄ መምህር ይንገርሽ።»

እኔም አውቃለሁ፤ እስር ቤት ነበር የሚገባው። ችግርን ከእንግዳ በሚሸሽገው ወግ የሚያላግጡ ወጣቶች ያናድዱኛል። የዚህ አገር ሰው በዚያ ሁሉ ችግር ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ የኖረው በዚህ ክብር ነው። ነገር ግን ያው ክብር ዛሬ ሰፈሩን ሰው አልባ እያደረገው መሆኑን እያየሁ እንዴት ልደግፋቸው?

ዶሪና ወረቀቷን ወደ ጎን አስቀመጠች።

«እሺ፣ እኔ እንግዳ ነኝ፤ ለእኔ አይንገሩኝ። ግን ይሄ ዕቅድ የሃያ ዓመት ነው። ያኔ እዚህ ወይን ሥር የሚቀመጠው ማነው?»

«እኔ እንኳ አልኖርም።»

«ታዲያ ማን ይኖራል?»

አጎት ዳሊፕ ትሪውን ይዛ ወደቆመችው ምራታቸው አዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። «ግዚም ዱረስ ቤት አይቷል» አሉ።

«ያኔ እንግዳ ቢመጣ በሩን የሚከፍትለት ማነው? ዛሬ እኔ ፊት እንዳያፍሩ ብለው፣ ያ እንግዳ የተዘጋ ቤት ደጃፍ ላይ ይቅር?»

«ምላስሽ የአባትሽ ምድጃ ነው፤ ይፋጃል» አሉ። «ብናገርስ፣ ውሃው ይመጣል?»

«ነገ ይመጣል ብዬ አልዋሽዎትም። ካልተናገሩ ግን አይመጣም።»

ሽማግሌው ወደ ምራታቸው ዞሩ። ከዚያ፣ «ሉሌታ፣ ነይ ቁጭ በይ። አንቺ ንገሪያት» አሉ።

«ምን ልበላት አባባ?»

«እውነቱን። የምትሸከሚው አንቺ ነሽ።»

ትሪውን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ከዚያ የታመቀው ሁሉ ወጣ፦ ምንጩ ዳር ያለውን ወረፋ፣ በረዶ የሚያዳልጠውን ዳገት፣ በአንድ ባልዲ ሁለት ልጅ ማጠቡን፣ ሁሉንም ተናገረች። ዶሪና እየጻፈች፣ አጎት ዳሊፕ መሬት መሬት እያዩ ሰሟት። ስትጨርስ፣ «ጀርባዋን ያማታል» አሉ። «ይህንንም ጻፊው። ሌሊት ስታቃስት እየሰማሁ ዝም ብያለሁ።»

ሉሌታ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና አለቀሰች።

ከዚያ አጎት ዳሊፕ ከዘራቸውን አንስተው ዶሪናን አስከትለው ወጡ። በየበሩ እየቆሙ፣ «ዛሬ እንግዳ አልመጣባችሁም፤ የመጣሁት እኔ ነኝ። የጎደላችሁን ሳትደብቁ ተናገሩ!» ይሉ ነበር። ሳይመሽ የሰፈሩ መልስ ሁሉ ተለወጠ።

የውሃው መስመር ዕቅዱ ውስጥ ገብቷል፤ ማጠራቀሚያው የሚቆምበት ቦታም ተለክቷል። ቧንቧው ገና ነው። የተማረ ሰው ዳገቱን መለካት ይችላል፤ ዳገቱን ማን ምን ተሸክሞ እንደሚወጣው የሚያውቀው ግን ነዋሪው ብቻ ነው። እሱ ተጠይቆ እውነቱን ካልተናገረ፣ ከተማው የሚሠራው ሌላ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው።

ግዚም ግን ዱረስ አልሄደም። እምቢ ያለችው ሉሌታ ናት።

«እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለችው። «ተጠይቄ መልሻለሁ፤ መልሴ የት እንደሚደርስ ሳላይ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»