ጋሽ ፈለቀ የሚውጡት ኪኒን

የሰው ነገር መጠየቅ እወዳለሁ፤ ባለቤቴ ይህን አመሌን «ነገር ፍለጋ» ትለዋለች። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ከልጄ ከአዲሳለም ጋር ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ ጋሽ ፈለቀን መንገድ ላይ አገኘናቸው። ጋሽ ፈለቀ ሸማኔ ናቸው። ጥጥ ትፈትልላቸው የነበረች ጎረቤታቸው ስትሞት፣ ዘመድ የሌላቸውን ሁለት ልጆቿን፣ ሲናንና ሮቤልን፣ ቤታቸው አስገብተው ያሳድጋሉ። ኤችአይቪ በልጆቹ ደም ውስጥ አለ። ይህን ከእኔና ነርስ ከሆነችው ልጄ በቀር የሰፈር ሰው አያውቅም፤ ልጆቹ ራሳቸውም አያውቁም ነበር።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያገናኘን» አሉ። «ሲና መድኃኒቷን አልውጥም ብላ አመጸች። ታናሽ ወንድሟንም ከልክላዋለች።»

«ምን ነካት?»

«ጥፋቱ የኔው ነው። ለምን እንደሚውጡ እንዳይጠይቁኝ፣ ጠዋት ጠዋት እኔም አብሬያቸው አንድ ቫይታሚን እውጥ ነበር። ‹የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ይውጣል› እላቸዋለሁ። በቀደም ለለቅሶ ጨንቻ ስሄድ ቫይታሚኑን እቤት ረሳሁት። ስመለስ ሲና ከላይ እስከ ታች አየችኝና ‹አባባ፣ ሳይውጡ ሰንብተው ይኸው ደህና ነዎት፤ እኛም አያስፈልገንም› አትለኝም!»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አዲሳለም ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ባየችው ነው የፈረደችው» አለች። «መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ ቆይቶም መድኃኒቱን ይላመደውና አይበግረውም። ዛሬውኑ እውነቱን ይንገሯት።»

«አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው እኮ! አፏ ቢያመልጣትስ? ጎረቤት ልጆቹን ይከለክላታል፤ አከራዬም ‹ቤቴን ልቀቁ› ይለኛል።»

«ሰፈር ሰብስበው ይንገሩ አላልኩም። ለማን እንደሚነገርና እንደማይነገር እሷም ትማራለች። የመድኃኒቱ ስም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ትችላለች። ነገ ከስልክ ላይ ከምታገኘው፣ ካሳደጋት ሰው ብትሰማው አይሻልም?»

እስካሁን ጋሽ ፈለቀ የፈሩት የሰፈሩን ወሬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«እ... ማለቴ» አሉ፣ «አባባ የምትለኝ ልጅ ‹ለምን ዋሹኝ?› ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ያንኑም እውነቱን ይነግሯታል» አለች አዲሳለም።

ተያይዘን ወደ ቤታቸው ሄድን። ሮቤል ከደጅ ኳስ ይጫወታል። ጋሽ ፈለቀ ሲናን አጠገባቸው አስቀምጠው ጀመሩ፤ ግማሽ ላይ ድምፃቸው ሲሰበር አዲሳለም ቀጠለች። ልጅቷ ግን ጥያቄዋን ታዥጎደጉደው ጀመር።

«ከማን ያዘን?»

«ከእናታችሁ፣ ስትወለዱ። አውቃ አይደለም» አለች አዲሳለም።

«ጓደኞቼ በኔ ኩባያ ሲጠጡስ?»

«በኩባያ አይተላለፍም።»

«እንሞታለን?»

«መድኃኒታችሁን በየቀኑ ከዋጣችሁ ትማራላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ እንደ ማንም ሰው ታረጃላችሁ። አግብታችሁ ጤነኛ ልጅ መውለድም ትችላላችሁ።»

ሲና ወደ ጋሽ ፈለቀ ዞረች። «እርስዎ ሳያምዎት ለምን ይውጡ ነበር?»

«ብቻችሁን እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው ልጄ። ብነግርሽ ደግሞ የምትርቂኝ መሰለኝ።»

ስለ በሽታው ስትሰማ ያላለቀሰችው ልጅ ይህን ስትሰማ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ሮቤልን ጠራችው፤ የሱን አዋጠችው፣ የራሷንም ዋጠች። ጋሽ ፈለቀ በልማድ እጃቸውን ወደ ቫይታሚኑ ሲሰዱ «እርስዎ ይተዉት፤ ጎመን ይብሉ» አለቻቸው።

የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕመሙን የሚያውቅ ልጅ መድኃኒቱን በራሱ ጊዜ ይውጣል፤ ሐኪሙን ይጠይቃል፤ አሳዳጊውንም አይጠራጠርም። እኔም ይህን በዓይኔ አየሁ፤ ሲና ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጠችም።

ትናንት ጠዋት ጎራ ብል ሮቤል ኪኒኑን ይዞ «እኔ ግን ለምንድን ነው የምውጠው?» ይላል። ጋሽ ፈለቀ እኛን ለመጥራት እንኳ አላሰቡም። የሚሸምኑትን አቁመው፣ «ና ቁጭ በል፣ ልንገርህ» አሉት።