ጠጉር አበቀለ የተባለው አርማታ

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ በሥራ ቦታዋ «ጨቅጫቂዋ»
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የአርማታ ላብራቶሪ ባለሙያ
አድራሻ፦ ከአርማታ ማምረቻው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት
ቀን፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ትናንት ረፋድ ላይ የጤና ጣቢያውን የውሃ ታንከር የሚያሠራው ፎርማን፣ ታናሽ ወንድሜ፣ አርማታ ውስጥ ባዕድ ነገር ቀላቅሏል ተብሎ ታስሮ ነበር። አመልካቹ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉት የገዛ አጎታችን ናቸው። ድብልቁን ያዘዝኩት እኔ በመሆኔ፣ የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ ብዬ ትናንቱኑ በራሴ ፈቃድ ቀርቤያለሁ።

የቀድሞው ታንከር ተሰነጣጥቆ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ስለዚህ ለአዲሱ ናኖ ሲሊካ የሚባል ከሲሚንቶ እጅግ የላመ ዱቄትና ፋይበር የሚባል ሰው ሠራሽ ክር እንዲገባበት አድርጌያለሁ። ዱቄቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይደፍናል፤ ክሩ ስንጥቅ እንዳይሰፋ ይይዛል። ሁለቱም ግን ቡኬቱን፣ ማለትም እርጥቡን ድብልቅ፣ ስለሚያደርቁት ማለስለሻ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ባለፈው ሳምንት የታንከሩ ግድግዳ በአርማታ ሲሞላ፣ እዚያው የሚሠሩት አጎታችን ቡኬቱ ደርቋል፣ ውሃ ጨምርበት ብለው አዘዙ። እሳቸው የለመዱት እንደዚያ ነው። ወንድሜ ውሃ ጥንካሬውን ይገድለዋል ብሎ እምቢ አለ፤ ፈሳሹን ሲጨምርበት ቡኬቱ በብረቶቹ መሃል ሰተት ብሎ ገባ። አጎታችን እንደ ንቀት ቆጠሩት። ትናንት አርማታውን ያቀፈው ጣውላ ሲነሳ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያለውን ክር አይተው «ጆንያ ተርትሮ አቡክቶበታል! አርማታው ጠጉር አብቅሏል!» እያሉ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጡ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ማለት ይህ ነው። አስተያየቱ የእኔ መሆኑ ይመዝገብልኝ።

ዛሬ ጠዋት መርማሪው፣ ወንድሜና አጎታችን በላብራቶሪው ተገኝተው ናሙናዎቹ በመጭመቂያ ማሽን ተፈትነዋል። ለማነጻጸር ያለ ዱቄትና ያለ ክር የሠራሁት ጧ ብሎ ተበታተነ። ከታንከሩ ቡኬት የተወሰደው ግን ያኛው የተበታተነበትን ጫና አልፎ ብዙ ሄደ፤ በመጨረሻ ቢሰነጠቅም ክሩ ስለያዘው አልተበተነም።

አጎታችን «ማሽኑ የእሷ ነው፣ አላምንም» ብለው ከታንከሩ ቡኬት የተወሰደውን ያልተነካ ሁለተኛ ናሙና ወደ ግቢው አወጡና ትልቁን መዶሻ አነሱ። ላብ እስኪያጠምቃቸው ቀጠቀጡት። ጥጉ ትንሽ ተሸረፈ እንጂ ንቅንቅ አላለም። መዶሻውን ጥለው ወንድሜን አንገቱን አቀፉት። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሳታሳየኝ ልሞት ነበር እኮ!» አሉት። በዚህ ጊዜ እልል ማለቴን፣ መርማሪውም ማጨብጨባቸውን አልክድም። አጎታችን አቤቱታቸውን አንስተዋል፤ ወንድሜም ያኔውኑ ተፈቷል። ደስታዬ ወሰን የለውም።

ይህ ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በእጄ የሠራሁት እውነት ነው። ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ምስክር፦ (ፊርማ)

ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ (ፊርማ)

አቤቱታቸውን ያነሱት አጎት፦ መዶሻ ካነሱ ወዲህ እስክሪብቶ መያዝ ስላቃታቸው በጣት አሻራ ፈርመዋል።