ከኋላ ሆኖ የሚመክር
ነቀምቴ ውስጥ ኳስ ልናይ የገባንበት ሻይ ቤት ቴኒስ ከፍቶ ጠበቀን። አጠገቤ የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ቶለራ ተቀምጠዋል። አሰልጣኙ ከተመልካች መሀል ሆኖ ተጫዋቹን ሲመክር አይተው፣ «ባለፈው ያየነው ውድድር ላይ እንዲህ ያደረገው ተቀጥቶ አልነበር?» አሉኝ። «ደንቡ ከውድድር ውድድር ይለያያል፤ እዚህ ይፈቀዳል» አልኳቸው። «ታዲያ ያሸነፈው ልጁ ነው ወይስ መካሪው?» አሉኝ።

በሳምንቱ እኔና ጎረቤቴ በአጥር ተጣልተን እሳቸው ፊት ለሽምግልና ተቀመጥን። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ታላቅ ወንድሜ ከኋላዬ ሆኖ የምለውን ያንሾካሹክልኛል። ኦቦ ቶለራ እጃቸውን አነሱና፣ «እዚህ ውድድር ላይ አይፈቀድም» ብለው ወንድሜን አስወጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በል አሁን አንተው ንገረኝ፤ አጥሩን የገፋው ማን ነው?» አሉኝ።

ብቻዬን ስቀር ውሸቱ ጠፋኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ።