የጎረቤት ዓይንና የአቶ ገብረወልድ ጫጩቶች

አቶ ገብረወልድ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንድ ማለዳ ቅርጫት በጋቢያቸው ሸፍነው ከአሰላ ገበያ ማዶ ሲያዘግሙ ከከዲሮ ጋር ተገጣጠሙ። ከዲሮ የኦጎልቾ ልጅ ነው፤ የእርሻ ትምህርት ቤት ጨርሶ በቅርቡ ለመንግሥት ሥራ ወደ ከተማው መጥቷል። ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ።

«ምን ይዘዋል፣ ጋሼ?»

«የፈረንጅ ጫጩቶች። ክታብ ላሳስርላቸው ወደ ደብተራው እየወሰድኳቸው ነው።»

ከዲሮ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። ዐሥር ጫጩቶች በሆዳቸው ተኝተዋል። እግራቸው ተልፈስፍሷል፤ ጉልበታቸው አብጧል።

«ሠላሳ ነበሩ» አሉ ሽማግሌው። «ጎረቤቴ አይሻ በአጥር አሻግራ ‹እንዴት ያምራሉ!› አለች። በሳምንቱ መቆም አቃታቸው፤ ሃያው አለቁ። ሃያ ዓመት ስንጎራበት ዓይኗ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም። ሰላምታዋን ትቻለሁ። እሑድ በእድሩ ፊት ስሟን እጠራለሁ።»

በቁጣ አልተናገሩትም፤ ያመኑበትን ነው የተናገሩት። በዚያ ሰፈር ግን ስሟ እንዲህ የተጠራ ሴት ቤት እሳት ሊጭር የሚገባ አይኖርም። ከዲሮ ይህን ያውቃል።

«ምን ያበሏቸዋል?»

«ገብስ። እኔው የምበላውን ንጹሕ ገብስ።»

«ፀሐይስ?»

«ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገቡ ብዬ ከመጡ ጀምሮ ጓዳ ናቸው። አይሻ ያየቻቸው ጓዳው ሲጠረግ አንድ ቀን ሳወጣቸው ነው።»

«እንግዲያው የጎዳቸው ጓዳው ነው፣ ጋሼ። የአገራችን ዶሮ ቀኑን ሙሉ ጭራ ትሉንም ቅጠሉንም ታሟላለች። እነዚህ ቶሎ እንዲደልቡ የተመረጡ ዘር ናቸው፤ ሥጋቸው ይቀድማል፣ አጥንታቸው ይቀራል። ገብስ ብቻውን አጥንት አይሠራም። የኑግ ፋጉሎ፣ የተከተፈ ጎመንና ቁንጥር ጨው ይጨምሩበት። ከሁሉ በላይ ተቃጥሎ የተወቀጠ አጥንት። ፀሐይም ይሙቁ።»

«አጥንት? በጾም አጥንት ከየት ይመጣል?»

«ከወይዘሮ አይሻ ቤት አይጠፋም።»

ሽማግሌው ቀጥ አሉ። «የእስላም ሥጋ አጥንት የበላ ዶሮ ለፋሲካዬ ልረድ?»

«ዶሮዎ ትል ስትለቅም ማን ባረከው ብለው ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

አቶ ገብረወልድ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ጢማቸውን ዳብሰው ተዉት። «ለሃይማኖት ወገንህ ነው የምትከራከረው።»

«እንሞክረዋ! አምስቱን ክታብ አስረው ጓዳ ይተዉ። አምስቱን እኔ እንዳልኩዎት ይመግቡና ጠዋት ጠዋት ወይዘሮ አይሻ አጥር ሥር ያውጧቸው። እሳቸው ይዩዋቸው፣ እስኪበቃቸው ያድንቋቸው። ነገሩ ዓይን ከሆነ የሚያልቁት እነዚህ ናቸው። እድሩን ግን ሦስት ሳምንት ይታገሡልኝ።»

ሽማግሌው ሲያስቡት ሙከራው ትክክል ሆኖ ታያቸው። ተስማሙ።

አጥንቱን የለመነው ከዲሮ ነው። ወይዘሮ አይሻ አንድ ቁና ሙሉ ሰጡት። «ሰላምታ ነፍጎ አጥንት ይለምናል? ውሰድለት፤ እኔ እንደሁ መጋጫ ጥርስ አልቀረኝም።»

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ አይሻ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ። አቶ ገብረወልድ ያማትባሉ፤ ጫጩቶቹ ይለቅማሉ።

በዐሥረኛው ቀን ሁለቱ ቆሙ። በሦስተኛው ሳምንት አራቱ ይሮጡ ነበር፤ የአምስተኛው እግር እንደ ተጣመመ ቀረ፣ ግን ወፈረ። ጓዳ ከቀሩት ሦስቱ ከነክታባቸው ሞቱ። የተረፉትን ሁለቱን ሽማግሌው ማንም ሳይነግራቸው ወደ ፀሐይ አወጧቸው።

ከዲሮ ሊያይ ሲመጣ፣ «ቀድሜ አውቄ ቢሆን ሠላሳውም ይተርፉ ነበር» አሉት።

«ይተርፉ ነበር። ለከርሞው ግን መኖው ከተሟላ ዶሮው ቶሎ ይደርሳል፣ በሽታም አይደፍረውም፤ ልጆችም ከበዓል ውጭ ሥጋ ይቀምሳሉ።»

«እሱስ ሆነልኝ» አሉ ሽማግሌው። «እሑድ ግን እድር አለብኝ።»

እሑድ አቶ ገብረወልድ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወይዘሮ አይሻ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ነበር።

«ጎረቤቴን በልቤ ከስሻለሁ፤ ሰላምታም ነፍጌያለሁ። ጫጩቶቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ ብርሃን ከልክዬ፣ ባዶ ገብስ አብልቼ። የተረፉት በእሷ አጥንት ነው የቆሙት። ቅጣቴን ቁረጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቀድመው የተናገሩት ወይዘሮ አይሻ ናቸው።

«ቅጣቱ ይህ ይሁን፤ መኖውን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ለእኔም ያሳዩኝ። ዶሮ ላረባ ነው።»