አሥራ አንድ ሐበሻ የተስማማበት ቀን

እስቲ አንድ ጊዜ ጆሮ ስጡኝ! ኪሩ፣ ኬኩን ተወውና ተቀመጥ፤ የሚቆረጠው ከንግግሩ በኋላ ነው። ጋሼ ይግዛው፣ እርስዎም ወደ በሩ አይዩ፤ በዚህ በር ዛሬ ሳይሞገሱ ጡረታ መውጣት የለም።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ፌበን እባላለሁ። ከጋሼ ይግዛው ጎን ያለው ወንበር ላይ ሁለት ዓመት ከምናምን ተቀምጫለሁ። ሥራችን እዚህ ስቶክሆልም፣ ኪስታ ቁጭ ብለን እንግሊዝ አገር ያሉ መራጮች ጋ እየደወልን «እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አማርኛ ተናጋሪው መራጭ የእኛ ጠረጴዛ ድርሻ ነው። አለቃችን አኒካ አማርኛ ስለማትሰማ ዲቦራ አጠገቧ ሆና እየተረጎመችላት ነው። ዲቦራ፣ ስለ አኒካ የምቀልደውን መዝለል ትችያለሽ።

ጋሼ ይግዛው እዚህ ቤት የገቡ ዕለት እኔ አልነበርኩም። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። ታሪኩን የነገረኝ ኪሩ ነው፤ ኪሩ ደግሞ ሲያወራ ትንሽ ጨው እንደሚጨምር ታውቃላችሁ። የዚያን ጊዜው አለቃ አንድ ወረቀት ሰጣቸው አሉ። ወረቀቱ «ሰላም፣ ስሜ እገሌ ነው፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ አለዎት?» ይላል። ጋሼ ወረቀቱን ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩት፣ ከዚያ «ሰላምታው የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ሰላም ይላል እኮ» አላቸው አለቃው።

«ይኼማ ማንኳኳት ነው» አሉ።

ከዚያ ደወሉ። ለንደን አንድ ሰውዬ አነሣ። ጤና እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል፣ የየት አገር ሰው ነዎት፣ እገሌንስ ያውቁታል ወይ... አሥራ አራት ደቂቃ! ልክ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሊያነቡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰውዬው «ወንድሜ፣ በጣም ደስ ብሎኛል፣ አሁን ሥራ ልገባ ነው» ብሎ ዘጋው። ሥራ ሲያልቅ ውጤቱ ሲታይ፣ የተሞላ መጠይቅ ዜሮ፣ የክርስትና ጥሪ ሁለት!

ግን አትሳቁ፤ በሳምንቱ እነዚያው ሰዎች ራሳቸው መልሰው ደወሉ። «ያ ጨዋ ሰውዬ አለ? የሚጠይቀን ነገር ነበረው» እያሉ። ይኸው እስከ ዛሬ በቤቱ ደንብ ላይ ለአማርኛ ቃለ መጠይቅ አራት ደቂቃ ተጨምሮ ተጽፏል። ሶማልኛዎቹና ዓረብኛዎቹም ኋላ ጠይቀው አግኝተዋል። እንኳን ደስ አላችሁ፣ ባለውለታችሁ እዚህ ተቀምጠዋል።

ስልክ ሲያወሩ ደግሞ አይታችኋቸዋል። ያነሣው ሰው ድምፅ የሽማግሌ ከሆነ ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ዝቅ ብለው እጅም ይነሣሉ። ሰውዬው በርሚንግሃም ነው ያለው! ምን ያያቸዋል? የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ስንት ኪቦርድ መሬት ላይ እንደጣለ ኪሩ ይመስክር። አኒካም ወገባቸውን ያመማቸው መስሏት ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ አስገዛችላቸው። ዲቦራ፣ ይሄን ንገሪያት፤ ወገባቸው ደኅና ነው።

ረቡዕ ረቡዕ በፊካ፣ በቡናው ሰዓት ደግሞ ሌላ ትርኢት አለ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «መነጽሬን ያየ?» ይሉና፣ ካገኙት በኋላ የብስኩቱን ፓኬት ጀርባ እንደ ውል ያነቡታል። «ቅቤ አለበት። ወተትም አለበት። ይኼ ምንድን ነው፣ እንቁላል?» እኔ ጴንጤዋ አጠገባቸው ተቀምጬ መብላት አፍሬ፣ ሳላስበው ረቡዕን መጾም ጀመርኩ። እናቴ ስትሰማ ደነገጠች። እሳቸው ግን «ለአንቺ ይፈቀዳል፣ የእኔንም ድርሻ ብዪልኝ» ነው የሚሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የዛሬ ሁለት ዓመት የእንግሊዝ ጠቅላላ ምርጫ በድንገት ለጁላይ ሲጠራ ታስታውሳላችሁ። ስልኩ ጋለ። ደንበኛችን የፈለገው ማን ማንን ይመርጣል የሚለውን ብቻ አልነበረም፤ ስለ አገሪቱ ሥርዓት አንድ ገጽ ሙሉ ጥያቄ ጨመረበት። ንጉሡ ይቀጥሉ ወይ? የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይምረጥ ወይ? ያልተመረጡ ሰዎች የሚቀመጡበት የጌቶች ምክር ቤት ይዘጋ ወይ? እንግሊዝ የሌላት፣ በአንድ ሰነድ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ይኑራት ወይ?

ወይ ጉድ፣ ያ ሳምንት! አንዷ እናት «አልጋውን የማያነጥፍ ልጅ መንግሥት ይምረጥ?» አለችን። ስለ ንጉሡ የጠየቅነው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይኼ ስልክ ይጠለፋል እንዴ?» አላቸው። ጋሼ ውሸት አያውቁም፤ «አይጠለፍም፣ ግን ለጥራት ሲባል ይቀዳል» አሉት። ጠረቀመው። ሊድስ ያሉት አንድ አዛውንት ደግሞ የሕገ መንግሥቱን ጥያቄ ሲሰሙ ሳቁ። «ወንድሜ፣ እኔ አገሬ ሳለሁ ሦስት የተጻፈ ሕገ መንግሥት አይቻለሁ። እነዚህ ሳይጽፉት እንዲህ ከኖሩ ለምን ብዕር ታቀብላቸዋለህ?» አሉ።

«ታዲያ 'አልደግፍም' ብዬ ልመዝግብልዎ?»

«አይ፣ 'ቢታሰብበት' በለው።»

«ቢታሰብበት» የሚል ሳጥን የለም። ጋሼ ይግዛው ግን «አልደግፍም» ላይ ምልክት አላደረጉም። የአስተያየት ቦታው ላይ ቃል በቃል ጽፈው፣ ከስር «መላሹ እንዲታሰብበት ይፈልጋሉ» ብለው ላኩት። ያኔ እኔ ስቄባቸዋለሁ። ይኼ ሁሉ ድካም ለምን?

ያኔ የተቀዳውን ስልክ ሁሉ የሚያዳምጡ፣ የሁላችንንም መጠይቅ አይተው የሚፈርሙ እሳቸው ነበሩ። እኔ የሙከራ ጊዜዬን ልጨርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ከእናቴ ጋር ከተከራይ ላይ ደግመን፣ አንድራ ሀንድ እንደሚሉት፣ በተከራየናት አንዲት መስኮት አልባ ክፍል ነበር የምንኖረው። አካላ ሰፈር ወረፋ ጠብቄ የደረሰኝን ቤት ለመፈረም አከራዩ ቋሚ ሥራ አምጪ ብሎኛል። ስለዚህ መጠይቁን እንደ ጉድ እሞላለሁ። አንዲት እናት ጋ ደወልኩ።

«እማማ፣ የጌቶች ምክር ቤት ቢዘጋ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?»

«አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?»

«እኔ አስተያየት መስጠት አይፈቀድልኝም።»

«ግዴለም፣ አንቺ ያልሽው ይሁን። እግዜር ያሳድግሽ።»

መርቀውኝ ዘጉት። አሁን ምን ልሙላ? «አላውቅም» የሚል ሳጥን አለ። ግን እናቴን በሚያህሉ ሰው ስም ላይ «አያውቁም» ብሎ መጻፍ ነውር መሰለኝ። ስድብ መሰለኝ። ያልኩት ይሁን ካሉኝ ብዬ የራሴን፣ «በጣም እደግፋለሁ» ላይ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ሌላዋም እንደዚያው አሉኝ፣ ሌላውም። አሥራ አንድ ትልልቅ ሰዎች፤ ሁሉም መረቁኝ፣ ሁሉም «በጣም እደግፋለሁ»። ጋሼ አምነውኝ፣ ሁሉንም ሳያዳምጡ ፈረሙ። ሪፖርቱ ለደንበኛው ሄደ።

በማግስቱ ድምሩን ሲያዩ ጠሩኝ።

«ፌበን፣ አሥራ አንድ ሐበሻ በአንድ ነገር ተስማማ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኛ ቤተ ክርስቲያን የአዳራሹን መጋረጃ ቀለም ለመምረጥ ሦስት ዓመት ተከራክረን እስካሁን መስኮቱ ራቁቱን ነው። እነዚህ የእንግሊዝን ጌቶች በአንድ ድምፅ ዘጉ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ። አልተቆጡኝም። ያሉኝን ግን ዛሬም እንደሰማሁት እሰማዋለሁ። «'አላውቅም' መልስ ነው ልጄ፣ ነውር የለውም። እነዚህ ሰዎች አገራቸው ሳሉ ምን ትላላችሁ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። አሁን ስልክ ተደውሎ ተጠየቁ። አንቺ ደግሞ ጠይቀሽ ራስሽ መለስሽላቸው። ነይ፣ እንደውል።»

ቀኑ የሚድሶመር፣ የትልቁ የበጋ በዓል ዋዜማ ነበር። ስዊድኖቹ በሙሉ ወደ ገጠር ሄደው ቢሮው ባዶ ነው። የጋሼ ባለቤት እትዬ ሰርክ ፋርስታ ባለው ቤታቸው ልጆቹን አሰናድተው፣ በጀልባ ሊሄዱ ባላቸውን ሲጠብቁ ዋሉ። እትዬ ሰርክ፣ ያን ቀን «ሥራ በዛብኝ» ያሉዎት በእኔ ምክንያት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። አሥራ አንዱም ጋ አንድ በአንድ ደወልን። ሰላምታው ሳይቀነስ! አራቱ ይዘጋ አሉ። አምስቱ ይቆይ አሉ። አንዱ በእውነት አላውቅም አሉ። አንዷ ደግሞ «ከተዘጋ በኋላ ጌቶቹ የት ይወድቃሉ?» ብለው አዘኑላቸው። እኔን «አንቺ ያልሽው ይሁን» ያሉኝ እማማ ለጋሼ ሃያ ደቂቃ አስረዷቸው፤ ለካ የሚሉት ነበራቸው።

ሰኞ አኒካ አፍንጫዋ በፀሐይ ቀልቶ ስትመለስ ተያይዘን ገባን። የተስተካከለው ውጤት እጃችን ላይ ነው፤ የተሳሳተው ግን ደንበኛው ጋ ደርሷል። «ማን ነው የተሳሳተው?» አለች። አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ቀደሙኝ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ሳላዳምጥ ነው የፈረምኩት» አሉ። ውሸት አልነበረም። ሙሉው እውነት ግን አልነበረም። እኔ ደግሞ ምንጣፉን እያየሁ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ የማዳመጡንና የመፈረሙን ሥራ ወሰዱባቸው። እንደማንኛችንም መደወል ጀመሩ። ሰው ሲጠይቃቸው «ስልኩ ናፍቆኝ ነበር» ይሉ ነበር። እኔ ቋሚ ሆንኩ። አካላ ገባሁ። ለቤቱ ምርቃት ከእትዬ ሰርክ ጋር መጥተው «እናትሽ መስኮት አገኘች» ብለው ተደሰቱ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሡብኝም።

አኒካ፣ ያ ስህተት የጋሼ ይግዛው አልነበረም። የእኔ ነበር። አሥራ አንዱም በእኔ እጅ የተሞሉ ናቸው።

ዲቦራ፣ ለምን አፈጠጥሽብኝ? ተርጉሚላት እንጂ። ሁሉንም፣ ሳትቀንሺ።

...ምን አለች? «ለምን ሁለት ዓመት ዝም አልሽ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ቤቱን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ቤቱን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ አፍሬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይኸው፣ በስዊድንኛ ጽፌ ፈርሜዋለሁ። ስዊድንኛው ስህተት ይኖረዋል፤ ነገሩ ግን የለውም። ጋሼ፣ ራስዎን አይነቅንቁብኝ! ዛሬ አይቀድሙኝም።

እሺ፣ አሁንስ ምን አለች? «የእሱን መዝገብ አሁኑኑ አስተካክላለሁ፣ ከአንቺ ጋር ሰኞ እናወራለን።» ስዊድን ስትኖሩ «እናወራለን» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሦስት ስብሰባ አለ ማለት ነው! ይሁን። እሄዳለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም።

ጋሼ ይግዛው፣ አመሰግናለሁ። በእርስዎ ምክንያት ቤት ስላገኘሁ፣ ሰውን በትዕግሥት መስማት ስላስተማሩኝ፣ ጥፋቴን አይተው ስላልጠሉኝ። እወድዎታለሁ። ይኼንን በአማርኛ ለትልቅ ሰው ፊት ለፊት መናገር ይከብዳል፤ ግን ብዬዋለሁ።

በሉ፣ የያዛችሁትን አንሡ፤ ቢራም ይሁን፣ እንደ እኔ የአበባ ጭማቂም ይሁን። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የልጅ ልጆችዎን ሠርግ ያሳይዎ። እትዬ ሰርክ፣ ዘንድሮ በሚድሶመር ባለቤትዎን የሚነካብዎ የለም፣ ጀልባውን አስቀድመው ይያዙ። እኛም በርትተን እንሠራለን። እዚህ ቤት ውስጥ ከዛሬ ጀምሮ በይግዛው ስም የተጻፈ የሌላ ሰው ጥፋት የለም። ለጤናዎ!