ተፈታኝ መርዶ አይነገረውም

(ደሴ። ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ያለ ሻይ ቤት፤ ማለዳ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪው አስቻለውና ሳይጠብቃት ከሐይቅ የመጣችው ታላቅ እህቱ የሺ።)

አስቻለው፦ አልገባም አልኩሽ እኮ፣ እታለም። ወረቀት ላይ ሳፈጥ ከምውል ብተኛ ይሻለኛል።

የሺ፦ መምህሩ አዝኖልህ ነው ድጋሚ ፈተና የሰጠህ። ይቺ ካመለጠችህ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ቤት መሆኑን የነገርከኝ አንተው ነህ።

አስቻለው፦ ያለፈውንም ገብቼ ነበር።

የሺ፦ ገብተህ ሳትጨርስ ወጣህ። ለምን ቢሉ፣ ለእኔ ለመደወል።

አስቻለው፦ አዳራሹ ውስጥ ስልክ አይፈቀድማ።

የሺ፦ “ሁሉም ደህና ነው?” አልከኝ፤ ልብስ እያሰጣሁ “ደህና ነው” አልኩህ። በቃ። ጋሼ ይመር የእናታችን ወንድም ሆነው አባት የሆኑልን ለዚህ ነው?

አስቻለው፦ አንዱን ጥያቄ አነባለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ልቤ ቤት ገብቷል። ማን ታመመ፣ ማን ተቀበረ እያልኩ ሰው እቆጥራለሁ። ክፍል ውስጥም ያው ነኝ። መምህሩ ያስተምራል፣ እኔ በሩን አያለሁ። ልጆቹ “ዘበኛው” ነው የሚሉኝ።

የሺ፦ ድሮም ልብህ አይሰበሰብም።

አስቻለው፦ ይሰበሰብ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንደኛ የወጣሁት በማን ልብ ነው?

የሺ፦ እሱን አታንሳው።

አስቻለው፦ ማን ያንሳው? ሚኒስትሪ ስፈተን “እማዬ ጠበል ሄዳለች” አላችሁኝ። ጎረቤቱም ሳይቀር “በርታ፣ ስትመለስ ታስደስታታለህ” ይለኝ ነበር። የመጨረሻውን ፈተና ጨርሼ እየሮጥኩ ስመጣ ድንኳኑ እንኳ ተነስቷል።

የሺ፦ ላንተው ብለን ነው። ተፈታኝ ልጅ መርዶ አይነገረውም። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

አስቻለው፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ቤት ግን ፈተና ሲያልቅ ነው የሚጠራው።

የሺ፦ እኔስ? ካንተ ጋር ስስቅ አምሽቼ ጓሮ ሄጄ ነበር የማለቅሰው። እኔም ልጅ ነበርኩ እኮ።

አስቻለው፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሳቅሽን የማላምነው።

የሺ፦ ሻይህን ጠጣ፣ በረደ።

አስቻለው፦ ያንቺም በርዷል። ደግሞስ በዚህ ማለዳ ምን አመጣሽ?

የሺ፦ ናፍቀኸኝ ነዋ።

አስቻለው፦ ቀይ ሻርፕ አድርገሽ? ቀይ ነገር እኮ ትጠያለሽ። የማን ነው?

የሺ፦ የጎረቤት። ብርድ ነበር።

አስቻለው፦ እታለም።

የሺ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ። ሁሉን ነገር እባብ አታድርገው።

አስቻለው፦ እንግዲያው ልጥ ነው በይኛ። ዓይኔን እያየሽ በይ።

የሺ፦ (ቀዩን ሻርፕ ከአንገቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።)

አስቻለው፦ በይ እንጂ።

የሺ፦ ጎረቤቶቹ ናቸው ቀይ አልብሰው፣ ፊትሽን አብሪ ብለው የላኩኝ። ፈተናውን እስኪጨርስ ምንም እንዳይሸተው፣ ከዚያ ቀስ አድርገሽ ይዘሽው ነይ አሉኝ። እኔ ግን ደከመኝ፣ አስቻለው። አልደግመውም። ጋሼ ይመር ሌሊቱን አረፉ።

አስቻለው፦ እሁድ በስልክ ሲያስሉ ሰምቻቸዋለሁ። ጉንፋን ነው አሉኝ።

የሺ፦ እኛም ጉንፋን መስሎን ነበር። በዚህስ አልዋሸንህም።

አስቻለው፦ ተቀበሩ?

የሺ፦ አልተቀበሩም። ሽማግሌዎቹ ረፋድ ላይ ይቀበሩ ብለው ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ያሳደጉት ልጅ አፈር ሳያለብሳቸው አይሄዱም ብዬ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርኩት። ተፈትነህ ብትወጣም እንደርሳለን። አሁኑኑ እንሂድ ካልክም መኪና አለ። እኔ ከእንግዲህ አልወስንልህም።

አስቻለው፦ ሌላስ? የደበቅሽኝ ሌላ ሰው አለ?

የሺ፦ ማን ቀረና? እኔና አንተ ነን።

አስቻለው፦ እንግዲያው አንቺ እዚሁ እንደ ልብሽ አልቅሺ። እኔ ተፈትኜ ልምጣ።