የበረኛው አባት

ሸዋ ሮቢት፣ አንድ ሆቴል ገብቼ የወጣት ብሔራዊ ቡድናችንን ጨዋታ አያለሁ። ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፤ ከተሸነፉ በማግስቱ ይመለሳሉ። ሊያልቅ ሲል በረኛችን ቀላል ኳስ አመለጠችውና ተቆጠረብን። «ይሄን ደግሞ ማን በረኛ አደረገው!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ኳስ አይደል?» አልኳቸው።

«ልጄ ነው» አሉኝ።

አፍሬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ስለ ኳሱ አይደለም። እናቱን ከቀበርን ሳምንት ሆነን። ውድድሩን እስኪጨርስ ብለን መርዶውን አልነገርነውም። ቢያልፉ ኖሮ፣ ጥቂት ቀን እንኳ እናት ትኖረው ነበር።»

ፊሽካው ሲነፋ ልጃቸው ሜዳው ላይ ተደፍቶ ለዚያች ኳስ ያለቅስ ነበር።